ከቨርጂኒያ የመጣ እንግዳ

ከዋሽንግተን ለንደን ያደረሰኝ በረራ የሚወራለት የለውም፤ ሌሊቱ ግን አይረሳኝም። 94 ፓውንድ በከፈልሁበት ጠባብ ክፍል፣ በራስጌዬ ያለፈው የውሃ ቧንቧ እስኪነጋ ሲንኳኳ አደረ፤ ጠዋት ደግሞ ሻንጣዬን እስከ ማታ ለማቆየት 12 ፓውንድ ጨምር ተባልሁ። በምኖርበት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የአገሬ ሰዎች ቡና ቤት ሻንጣ ቢያድር ሒሳብ የሚያስብ የለም።

እየተነጫነጭሁ ብሪቲሽ ሙዚየም ደረስሁ። ቀጠሮ ይዤ ስለነበር የሕትመት ሥዕሎች ወደሚታዩበት ክፍል ያለ ክፍያ አስገቡኝ፤ እስክሪብቶዬን ግን አስቀምጠው በእርሳስ እንድጽፍ ነገሩኝ። የፈለግሁት ሲሞን ቫን ደ ፓስ እ.ኤ.አ. በ1616 በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ ያተመውን፣ ዓለም ፖካሆንታስ የሚላትን የቨርጂኒያ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ሴት ምስል ነው። ከፖስታ ካርድ ብዙም አይበልጥም። ረጅም ባርኔጣ ደፍታለች፤ የደረቀ የዳንቴል አንገትጌ ፊቷን ከቧታል፤ በእጇ የላባ ማራገቢያ ይዛለች። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት ዓይኔን ሳጨነቁር አይተው ማጉያ መነጽራቸውን ዝም ብለው ገፋ አደረጉልኝ፤ ያን ጊዜ በጉንጯ ላይ ጥላ የመሰለኝ ሁሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመቅረጫ መስመር ሆነ። ልብሱ የእንግሊዝ እመቤት ነው፤ ወጣ ያሉት ጉንጮቿና ትክ ብሎ የሚያየው ዓይኗ ግን ለልብሱ አልተገዙም።

በዙሪያው የተጻፈው ላቲን «ማቶአካ፣ በሌላ ስም ርብቃ፣ የቨርጂኒያ ንጉሠ ነገሥት የኃያሉ ፖውሃታን ልጅ» ይላል፤ ዕድሜዋም 21 ተብሎ ተቀርጿል። ፖካሆንታስ የሚባለው የቁልምጫ ስሟ የለበትም። እኛ የክርስትና ስማችንን ለቤተ ክርስቲያን ስለምናስቀምጥ፣ የእርሷ የክርስትና ስም፣ ርብቃ፣ እንዲህ ለገበያ ወጥቶ ማየቱ ከነከነኝ፤ ወደ ለንደን ያመጣት፣ እንግሊዞችን በአገሯ ያሰፈረው የቨርጂኒያ ኩባንያ ገንዘብ አዋጮች ይፈልግ ነበርና የተጠመቀች የንጉሥ ልጅ በዳንቴል መታየቷ ማንን እንደጠቀመ መገመት አያስቸግርም።

ከሰዓት በኋላ በባቡር በቴምዝ ወንዝ ዳር ወዳለችው ከተማ ግሬቭዘንድ ወረድሁ። ወደ አገሯ ልትመለስ መርከብ ከተሳፈረች በኋላ በ1617 የሞተችው እዚያ ነው፤ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን በ1727 ስለተቃጠለ መቃብሯ አይታወቅም። እንደገና በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ግቢ የቆመው የነሐስ ሐውልቷ ደግሞ ዳንቴሉን አውልቆ የቆዳ ልብስ አልብሷታል። በር ላይ የነበሩት ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«ከቨርጂኒያ» አልኋቸው።

ፊቴን ደግመው አዩት፤ ከዚያም ወደ ውስጥ እየመሩኝ፣ የቨርጂኒያ ሴቶች በ1914 የሰጧቸውን ባለቀለም መስኮቶች በጣታቸው አሳዩኝና «እንግዲያው እነዚህ የእናንተ ናቸው» አሉኝ።