የሰኔ ታርጌትና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጥቅስ

ባንክ ቤት የሰራ ሰው ሰኔ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ላይ ስለሚዘጋ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ቅርንጫፍ ውስጥ ሰላም የለም፣ ዲፖዚት ስንት ደረሰ፣ አዲስ አካውንት ስንት ተከፈተ፣ ሞባይል ባንኪንግ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ማታ ማታ ቅርንጫፎቹን የሚቆጣጠረው ዲስትሪክት ቢሮ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የቅርንጫፎችን ደረጃ ይለጥፋል፣ ታርጌቱን የመታ አረንጓዴ ያልመታ ቀይ። ቀይ የተደረገ ማናጀር በነጋታው አያድርስ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ነጋዴ ይለመናል፣ "በናትህ ሁለት ሶስት ቀን ብቻ አሳድርልን" ይባላል፣ ብሩ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ገብቶ በተዘጋ ማግስት ይወጣል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን አምሮ ይቀራል። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያጨበጭባል።

የማወራችሁ እኔ ካሸር በነበርኩበት አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ የገጠመኝን ነው፣ የማን እንደሆነ ይቅር። ፋይዳ ገና ሳይመጣ ነው፣ አካውንት ለመክፈት የቀበሌ መታወቂያ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ይበቃ ነበር።

ማናጀራችን ወጣት ነው፣ ሽክ ያለ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ የጥበቃው ልጅ የታመመ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ያሳከመ እሱ ነው። ጴንጤ ነው፣ ሰኞ ሰኞ በር ሳይከፈት ጸሎት ያደርጋል፣ እኔ ኦርቶዶክስ ብሆንም አሜን እላለሁ ምን ችግር አለው። ቢሮው ግድግዳ ላይ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ "ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ" የሚለው ፊልጵስዩስ 4:13 ተሰቅሏል፣ ከሱ ጎን ታርጌቱ የተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታያቸው ጳውሎስ ስለ ዲፖዚት የጻፈ ነው የሚመስለው።

ሌላው ሰው ጋሼ የምንለው ሲኒየር ሰራተኛ ነው፣ እሱም ጴንጤ ነው። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል፣ እጅጌው ከመታሸት ብዛት የሚያብረቀርቅ አንድ ቡናማ ኮት አለው፣ ጫማው ግን ሁሌ የተወለወለ ነው። በታክሲ ነው የሚመጣው። ከሱ በኋላ የተቀጠሩት ልጆች መኪና ሲገዙ እሱ አልገዛም፣ ስለዚህ ሻይ ሰዓት ላይ ይታማል፣ "ብድር ክፍል እያለ ምን ሰራ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይባላል፣ ከዛ ይሳቃል። እሱ ይሰማል መሰለኝ፣ አንድም ቀን መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

የዛን ሰኔ በአካውንት ቁጥር ወደ ኋላ ቀርተናል። አንዱ የደንበኞች አገልግሎት ልጅ አንድ ቀን ከሰዓት የመታወቂያ ኮፒ ቁልል ይዞ መጣ፣ እዛው ሰፈር ከሚሰራ ህንጻ ላይ ፎርማኑ የሰጠው የቀን ሰራተኞች መታወቂያ ነው፣ ወደፊት ደሞዛቸው በኛ በኩል ይከፈላል የሚል ወሬ ስለነበረ። ሰራተኞቹ ግን አልመጡም፣ አልተጠየቁም፣ የሚያውቁትም ነገር የለም። ልጁ ፎርሙን ሁሉ ራሱ ሞልቶ ራሱ ፈርሞ ሲስተም ላይ አስገብቶታል። ባንክ ውስጥ አንድ ሰው የመዘገበውን ሌላ ሰው ኦቶራይዝ ካላደረገው፣ ማለትም ካላጸደቀው፣ አካውንቱ አይከፈትም፣ ኦቶራይዝ አድራጊው ደግሞ ጋሼ ነው።

ከኔ መስኮት ጀርባ ስለሚቀመጥ ሁሉን አይቻለሁ። መነጽሩን አድርጎ ፎርሞቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። ፊርማው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት እጅ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ዓይነት ጭራ ያለው። ስልክ ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ሶስት ቁጥር ብቻ እየተፈራረቀ ነው የተጻፈው፣ የራሳችን የቅርንጫፉ ሰራተኞች ስልክ።

"ይሄ ሰውዬ መጥቷል?" አለው ልጁን።

"ይመጣል ጋሼ፣ ደሞዝ ሲጀመር ሁሉም ይመጣሉ።"

"እንግዲያው ሲመጣ አጸድቅለታለሁ።" በቃ፣ ፎርሙን አስተካክሎ መለሰለት።

ልጁ ማናጀሩ ጋ ሮጠ። ማናጀሩ ወጣና ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ፣ አልጮኸም፣ በልመና ነው የጀመረው። "ጋሼ በናትህ፣ የሰው ብር አልወሰድን፣ ለልጆቹም እኮ ጥቅም ነው፣ ሌላው ቅርንጫፍ ሁሉ የሚያደርገው ነው" አለው። ጋሼ ስልክ ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ "ነገ የዚህ ልጅ ደሞዝ ሲገባ ሜሴጁ ያንተ ሰራተኛ ስልክ ላይ ነው የሚመጣው፣ እሱ ምኑን ያውቃል?" አለ። ማናጀሩ ትንሽ ዝም አለና በጣም ያስገረመኝን ነገር ተናገረ፣ "እግዚአብሔር ሞገስ ሰጥቶን በር ሲከፍትልን አንተ ትዘጋለህ፣ አንተ አማኝ ሆነህ?" አለው።

ጋሼ እዚህ ጋ ፈገግ አለ። "ቢሮህ ያለውን ጥቅስ ከላዩ ያለውን 12ን አብረህ ብታሰቅለው ጥሩ ነበር" አለውና ወደ ስራው ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር 12ቱ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር፣ ማታ ቤት ገብቼ አየሁት። "መዋረድንም አውቃለሁ መብዛትንም አውቃለሁ" ብሎ ይጀምርና መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ ይላል። ጳውሎስ ይሄን የጻፈው እስር ላይ ሆኖ ነው፣ ፊልጵስዩሶች የላኩለትን ስጦታ እያመሰገነ። እችላለሁ የሚለው ማጣትንም ጭምር ነው ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ መጉደሉን ቆርጠን ጥለን እችላለሁ የምትለዋን ፍሬም ውስጥ አስገባናት። ይሄን ስል የጴንጤዎቹን የብልጽግና ወንጌል፣ ሀብት የበረከት ምልክት ነው የሚለውን ትምህርት፣ ለመንቀፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እኛም ጋ እኮ ብዙ የሰጠ ሰው ስሙ በማይክ ይጠራል፣ ብሩ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሻማ ይዛ ጥግ የቆመችዋን እናት ማን ያያታል። መኪና የገዛ ተባረከ ይባላል፣ ያልገዛ ደግሞ የሆነ ነገር ይዞት ነው ይባላል፣ እንዲህ ነው አሁን የምንለካካው።

ልብ ያልኩት ነገር ጋሼ ሕግ አልጠቀሰም። መጥቀስ ይችል ነበር፣ ያኔ የነበረው የሕገወጥ ገንዘብ መከላከያ አዋጅ 780/2005 ባንክ የደንበኛውን ማንነት ሳያረጋግጥ አካውንት እንዳይከፍት ይከለክል ነበር፣ ስልጠና ወስደን ሁላችንም ፈርመንበታል። ሕጉን አንስቶ ቢሆን ፈርቶ ነው ይባል ነበር፣ እሱ ያሰበው ግን ሜሴጁ ስለማይደርሰው ልጅ ነው።

የሆነው ምንድነው፣ ማናጀሩ ማታ በራሱ ፓስወርድ አጸደቀው። አረንጓዴ ሆንን። ሐምሌ ላይ ሆቴል ውስጥ ፕሮግራም ተደረገ፣ ሰርተፍኬት፣ ኬክ፣ ፎቶ፣ ማናጀሩ ማይክ ይዞ "ይሄ የእግዚአብሔር እጅ ነው" አለ፣ ብዙም ሳይቆይ ዲስትሪክት ተዛወረ። ጋሼ የዛን ዓመት የስራ አፈጻጸም ውጤቱ ላይ "ቲም ስፒሪት ይጎድለዋል" ተብሎ ተጻፈበት፣ ቦነሱ ቀነሰ፣ ከዛ ለማጠናከሪያ በሚል ከተማ ዳር ያለ ቅርንጫፍ ተላከ፣ ሁለት ታክሲ የነበረው መንገዱ አራት ሆነበት። ኦዲት መጥቶ አጋለጣቸው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፣ ግን አልመጣም፣ መጥቶም ከሆነ ያየው ነገር የለም።

ከወራት በኋላ አንድ ልጅ መጣ፣ ሲሚንቶ የነካው ቱታ ለብሶ፣ መታወቂያውን በፌስታል ጠቅልሎ። ሌላ ቦታ ስራ አግኝቶ ደሞዝ በባንክ ስለተባለ አካውንት ክፈቱልኝ አለ። ሲስተሙ አካውንት አለህ ይለዋል። "እህቴ እኔ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም" ይላል፣ ፊቱ ተቀየረ፣ አንድ ሰው በስሙ ወንጀል የሰራበት ነው የመሰለው፣ ፖሊስ ልትጠሩብኝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዲሱ ኃላፊ ከየት እንደመጣ ስላልገባው ልጁን ከመስሪያ ቤትህ ደብዳቤ አምጣ ብሎ ሊመልሰው ነበር፣ የነገሩን አመጣጥ ስነግረው ነው ፎርሙ ወጥቶ ልጁ በራሱ እጅ እንዲፈርም የተደረገው፣ እሱም ግማሽ ቀን ፈጀ። የዛን ቀን የቀን ስራውን ትቶ ነው የመጣው።

ማታ ለጋሼ ደወልኩለት። እንዳልኩት አልሆነም ወይ ይላል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ አንጀቱ የሚርስ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን "ልጁ አካውንቱን አገኘ?" አለኝ፣ አዎ አልኩት። "ስልኩንስ? ስልኩን ቀየራችሁለት?" አለኝ።

ጠዋት ገብቼ ሳየው አልተቀየረም ነበር። ልጁ ሻይ ሰዓት ላይ ተደውሎለት መጣና አስቀየርነው።