«ትናንት ማታስ የት ተኛ?»

ሥራዬ አራስ እናቶችን ቤት ለቤት የሚጎበኙ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነው። በአንዱ ሥልጠና የጨቅላ ሕፃናትን አስተኛኘት አነሳን። ሕፃናት ተኝተው ሳሉ በድንገት እንዳይሞቱ የሚረዳውን መመሪያ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፦ ሕፃኑ በጀርባው፣ ጠንከር ያለ ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ግን ለብቻው ይተኛ፤ ሲጋራም አይጨስበት።

ለልምምዱ በሥራው የቆየች አንዲት ሠልጣኝ እናት ሆነች። አንዲት ወጣት ደግሞ ቼክሊስቷን ይዛ አንድ በአንድ አስረዳቻት። «እናትየው» ሁሉንም «እሺ» አለች። ወጣቷ ጨርሳ ስትነሳ፣ «እሺ ያልኩሽ ቶሎ እንድትሄጂልኝ ነው» አለቻት። «ልጄን ይወስዱብኛል ብላ የምትሰጋ እናት ሶፋ ላይ አቅፌው እንቅልፍ ወሰደኝ ብላ አትነግርሽም።»

እንደገና አስጀመርኳቸው። አሁን ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ገባ። «ሌሊቱ እንዴት ነበር? ትናንት ማታስ የት ተኛ?» ስትላት ወሬው መጣ፦ ሲያለቅስ አምሽቶ ሶፋ ላይ እያጠባችው አሸለበች፤ በጀርባው እንዳታስተኛው ደግሞ ሲያቀረሽ ትን ይለዋል ብላ ትፈራለች።

ይህ ፍርሃት ተገቢ መልስ ይፈልጋል። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ያቀረሸው ወተት ወደዚያ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት፤ በሆዱ ሲተኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሶፋ በጣም አደገኛ ነው፤ ሕፃኑ በሰውነቷና በመደገፊያው መሃል ሊታፈን ይችላል። እንቅልፍ ሊጥላት የሚችል ከሆነ፣ ትራስና ብርድ ልብስ የተነሳለት አልጋ ላይ ብታጠባ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ ለአደጋ በተጋለጡ ቤተሰቦች ውስጥ የደረሱ ድንገተኛ የጨቅላ ሞቶችን የመረመረ ሪፖርት ትኩረት ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ ከተለመደው የወጣ ሌሊት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወደዚያ እንዲገቡ ገፋፋኋቸው፦ እንግድነት ስትሄጂስ? መጠጥ የቀመስሽ ዕለትስ ማን ያስተኛዋል? ለእኔ የሥልጠናው ፍሬ እዚህ ላይ ነው። መመሪያ ማንበብ ማንም ይችላል፤ ከእናትየው ጋር ተቀምጦ ለክፉ ሌሊት መዘጋጀት ግን መለማመድ ይጠይቃል።

ቼክሊስቱን አላስቀረነውም፤ ከጨዋታው በኋላ ይሞላል። የድንገተኛ ሞት አደጋው የሚበረታው ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ስለሆነም ጥያቄው ከመጀመሪያው ጉብኝት ይነሳል፤ አባትየው ወይም አያትየው ቤት ካሉ እነሱም ይጠየቃሉ።