የዩቱን የቪዲዮ ቦታዎች ደብሊን ላይ ስናስስ፦ መጀመሪያ የእስር ቤቱን ትኬት ቁረጡ

የአየርላንዱ የሮክ ባንድ የዩቱ ወዳጅ ከሆናችሁና አገራቸው ደብሊን ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ። እኔ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው የተቃጠልኩት።

ጉዞው የታላቅ ወንድሜ ምኞት ነበር። ዩቱን በካሴት ያስተዋወቀኝ እሱ ነው። የባንዱ ዘፋኝ ቦኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ከባለቤቱ ከአሊ ጋር ወሎ፣ አጅባር መጥቶ አምስት ሳምንት ያህል እንደሠራ የነገረኝም እሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) "እሱ እኛ ዘንድ ከመጣ እኛም አገሩን ማየት አለብን" ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ለአራት ቀን ሄድን።

ቀላሎቹን ቶሎ ልበላቸው። የ"ግሎሪያ" ዘፈን ቪዲዮ በ1981 የተቀረጸው ግራንድ ካናል ዶክ ላይ፣ ጀልባ ላይ ሆነው ሲጫወቱ ነው። ዳርት የሚሉት ባቡር እዚያው ያደርሳችኋል። ዙሪያው ዛሬ የመስታወት ሕንፃ ሆኗል፤ ውሃው ብቻ ነው የቀረው። የ"ፕራይድ" ቪዲዮ ላይ የሚታዩት የፑልቤግ ጭስ ማውጫዎች ከ200 ሜትር በላይ ስለሚረዝሙ ፍለጋ አያስፈልጋቸውም። ወደ ባሕሩ በሚገባው የድንጋይ ግድብ ላይ እስከ ቀዩ መብራት ቤት ሂዱ፤ ጃኬት ግን ያዙ፣ ንፋሱ አይጣል ነው። ዊንድሚል ሌን ስቱዲዮን ብዙ አስጎብኚ ጽሑፍ "እንዳያመልጣችሁ" ይላል። የመጀመሪያዎቹን አልበሞች የቀረጹበት ሕንፃ በ2015 ፈርሷል። በእኔ ግምት አትድከሙ።

ፊትዝዊልያም ጎዳና ላይ ግን ጊዜ ስጡ። "ስዊተስት ቲንግ" በ1998 የተቀረጸው እዚያ ነው፤ ቦኖ በሠረገላ እየሄደ ሚስቱን ይቅርታ የሚጠይቅበት። ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ በሠረገላው ፍጥነት ተራመዱ። በሮቹ ያስደንቃሉ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር ነው፤ ከየበሩ በላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ መስታወት አለ። ወንድሜ መንገዱን ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። "ኤ ሰለብሬሽን" በ1982 የተቀረጸው ኪልሜይናም እስር ቤት ውስጥ ነው። ዘፈኑ አልበም ውስጥ ስላልገባ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለወንድሜ ግን ከሁሉ የሚበልጥበት ነው። ደብሊን የሄድነውም ከሁሉ በላይ ለዚህ ነበር።

እስር ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። የሚገባው በአስጎብኚ ብቻ ነው። ትኬቱ ከ28 ቀን በፊት ኢንተርኔት ላይ ይለቀቃል፤ ወዲያው ያልቃል። እኔ ይህን ሳላጣራ አውሮፕላኑንና ሆቴሉን ከፈልኩ። ከሳምንት በኋላ ብፈልግ ትኬት የለም። ያኔ አንድ የከተማ ጉብኝት ሻጭ "ኪልሜይናምን ጨምሮ" የሚል ጥቅል ሲሸጥ አገኘሁ። ለሁለታችን 70 ዩሮ ከፈልኩ። ዋናው ትኬት 8 ዩሮ ነበር። ያኔ እንኳ አልጠረጠርኩም።

በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ደረስን። ወረቀቱን ሰጠሁ። ሠራተኛዋ በትሕትና አየችውና "ይህ የእኛ ትኬት አይደለም" አለችኝ። ከታች በደቃቅ ፊደል "ከውጭ የሚታይ" የሚል ጽሑፍ አሳየችኝ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ምንም አላለም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። "በጽሑፍ ተገልጿል" ብለው ዘጉት። ገንዘቡን መብላታቸው ሳያንስ የአንድ ቀን ደስታችንን ወሰዱ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን ሳላነብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ሠራተኛዋ ግን አንድ ነገር ነገረችን። ሰው የሰረዘው ትኬት ካለ፣ በዚያው ቀን ጠዋት ከ9፡15 እስከ 9፡30፣ በእነሱ ሰዓት፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። በማግስቱ የመጨረሻ ቀናችን ነበር። ሁለት ስልክ ይዘን ተቀመጥን። አንድ ቦታ ብቻ ወጣ። የያዝኩት እኔ ነኝ።

"አንተ ግባ" አልኩት።

"ስሙ ያንተ ነው፣ ግባ። እኔ ውጭ እጠብቅሃለሁ" አለ። ለመንኩት፤ እምቢ አለ። አብሬው መቅረት ነበረብኝ። አልቀረሁም።

በ1916 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ተነስተው ከተገደሉት የአመፁ መሪዎች አሥራ አራቱ የተረሸኑበት ግቢ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። እዚያ ዘፈን ማሰብ ከበደኝ። ቀጥሎ ምሥራቁ ክንፍ አለ፤ በ1862 የተከፈተ፣ ጣሪያው መስታወት፣ መሐሉ ላይ የብረት ደረጃ ያለው። ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ የክፍሎቹ በሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ደስታም ጸጸትም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የእስር ቤቱን ትኬት፣ ከራሱ ከሙዚየሙ ድረ ገጽ ብቻ፣ ያዙ። ሁሉም ሰው በረራ አስቀድሙ ይላል፤ እኔ ተቃራኒውን ነው የምላችሁ። የትኬቱ ቀን የጉዞውን ቀን ይወስን።

ስወጣ ወንድሜ ማዶ ካለው ግንብ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው። አርባ የሚሆን ፎቶ አንስቼለት ነበር። ሁለቱን አየና ስልኩን መለሰልኝ።

"ሌላውን ስመጣ አየዋለሁ" አለ።