ጳጉሜን የት አደረግሃት?

ይህን ከተጠየቅኩ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ግን ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ድንገት ትዝ ይለኝና ብቻዬን «ኡፍ» እላለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው ይገላምጠኛል።

ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነው፤ ሐምሌ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ትንሽ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። የነጋዴዎችን መዝገብ እንይዛለን፣ ግብራቸውን በጊዜው እናሳውቃለን። ሐምሌ ለሌላው ሰው ዝናብ ነው፣ ለእኛ ሰልፍ። በዚያን ጊዜ ነጋዴዎች በገቢያቸው መጠን ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው ይከፈሉ ነበር፤ የማሳወቂያው ጊዜ ለደረጃ ሐ ሐምሌ 30 ያበቃል፣ ደረጃ ለ ጳጉሜ 5፣ ደረጃ ሀ ጥቅምት 30። የሞያ ባልደረቦቼ እነዚህን ቀኖች ከልጆቻቸው ልደት በላይ ያስታውሷቸዋል።

የደንበኞች ቀጠሮ በእትዬ እጅ ነበር። እትዬ የቢሮው ጸሐፊ ናቸው። ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር አላቸው፤ ከጀርባቸው ደግሞ ባንክ በየዓመቱ የሚሰጠን የግድግዳ ካላንደር ተሰቅሏል። ደንበኞችን በስም አይመዘግቡም። «የሳሪሱ ሰውዬ»፣ «ባለ መነጽሯ»፣ «የማይከፍለው» ይላል ደብተሩ። ለእሳቸው ግልጽ ነው። ለእኔ ግን አቡጊዳ የማያውቅ ሰው ብራና እንደሚያይ ነበር።

እናም «ዘመናዊ ላድርገው» አልኩ። ጉግል ሺትስ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። የደንበኛው ስም፣ ደረጃው፣ ግብሩን የምናሳውቅበት ቀን። ቀኑ ሲቀርብ ሳጥኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሲደርስ ቀይ። ነጭ ማለት «ገና ነው፣ ቡናችሁን ጠጡ» ማለት ነው። ከሁላችንም ስልክ ይከፈታል።

የመጀመሪያው ቀን ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። 2014ን የፈረንጅ 2014 አድርጎ አንብቦት ነው። በሠንጠረዡ አቆጣጠር ደንበኞቻችን ከሰባት ዓመት በላይ ዘግይተዋል። ይሄ አላስደነገጠኝም። በጣቴ ቆጠርኩ፣ አሰላሁ፣ በእያንዳንዱ ቀን ላይ 2,806 ቀን የሚደምር ቀመር አስገባሁ። ሐምሌን ሞከርኩ፣ ልክ። ነሐሴን ሞከርኩ፣ ዝንፍ አላለም። ከቢሮው ሕዝብ መካከል የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የተነሣ መሰለኝ። (የስልኬን ማስታወሻ ጉዳይ እዚህ አላነሣም። «3 ሰዓት» ብዬ ሞልቼው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ። እሱ የሁሉም ሰው ታሪክ ነው።)

ሰኞ ጠዋት ለቢሮው አሳየሁ። ሥራ አስኪያጃችን ወደደው። «በቃ፣ ደብተሩ ጡረታ ይውጣ» አለ። እዚህ ላይ ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፤ ኋላ ስለሚያስፈልገን።

እትዬ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች አስባሉኝ።

«ጥሩ ነው ልጄ። ቆንጆ ነው» አሉ። «ጳጉሜን የት አደረግሃት?»

ሳቅኩ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጉግል ነው። እንኳን ጳጉሜን፣ እርስዎ የተወለዱበትንም ቀን ያውቃል!»

«እኔ የተወለድኩበትንማ እናቴም አታውቀው» አሉ፤ ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ደብተራቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ቆለፉት።

ሐምሌ በሰላም አለፈ። እንዲያውም ከሰላም በላይ። ጠዋት ስገባ ቀይ የሆነውን አያለሁ፣ ደውዬ «ደረሰኝዎን ይዘው ይምጡ» እላለሁ፣ ይመጣሉ። ነሐሴም እንዲሁ። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዳ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሠንጠረዡን ያሳያል፤ ቀስ በቀስ «የሠራነው» ማለት ጀምሮ ነበር።

ጳጉሜ ገባች። ሠንጠረዡ ነጭ ሆነ። እኔም «ጨርሰናል» አልኩ። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፤ እትዬ ፈቃድ ወስደው ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ዘነበ። እኛ ቢሮ ውስጥ የዶሮ ዋጋ እያወራን ዋልን።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ እትዬ ጸበል በሃይላንድ ይዘው መጡ። ለሁላችን ረጩን፣ ተቀመጡ፣ ካላንደሩን ቀና ብለው አዩ።

«ሦስቱ ሰዎቼ አልመጡም እንዴ?»

«የትኞቹ?»

«ባለ ፌስታሎቹ ናቸዋ!»

ወዲያው ገባኝ። በየዓመቱ የዓመት ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅልለው በመጨረሻው ሰዓት የሚመጡ ሦስት የደረጃ ለ ደንበኞች አሉን። አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ አንዲት ባለ ቡቲክ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት። ቀጠሯቸውን ጳጉሜ 3 ያደረግኩት እኔው ነኝ። ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ሦስቱም ነጭ ናቸው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። «2014-13-03» ብሎ ሲጻፍለት ሠንጠረዡ አልተቀበለም ነበር። 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅማ! ቀን መሆኑን ትቶ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያዘው፤ ቀመሬም እሱ ላይ ሲደርስ ስህተት ጻፈ። ይህን አይቻለሁ። መቼ? ሰኞ ጠዋት፣ ለቢሮው ላሳይ ሩብ ሰዓት ሲቀረኝ። ሦስት አስቀያሚ ስህተቶች ከስክሪኑ ግርጌ ተደርድረው አሳፈሩኝ። «ኋላ አስተካክለዋለሁ» አልኩና ኢፍኤረር የሚባለውን ትዕዛዝ ደረብኩበት። እሱ ስህተት ሲመጣ ባዶ እያደረገ ያሳልፋል። ስክሪኑ ጸዳ። ያ ኋላም አልመጣም።

እንግዲህ እትዬ ሲጠይቁኝ ጳጉሜ የት እንዳለች አውቅ ነበር። ሳቄም ከዚያ የመጣ ነው። ጥያቄውን ለማስቆም ነበር የሳቅኩት፤ አስቆመውም። ታክሲ ውስጥ «ኡፍ» የሚያሰኘኝ እሱ ነው እንጂ ቀመሩ አይደለም። ቀመር ሰው ሁሉ ይሳሳታል።

ያን ዓርብና ቅዳሜ አልተርከውም። ባለ ቡቲኳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፌስታሏን ይዛ ደረሰች፤ «ዘንድሮ ደግሞ አረፈዳችሁብኝ» ብላ ተቆጣች፣ እውነቷን ነው። የፎቶ ኮፒው ቅዳሜ ተሰልፈን አለቀለት። የሕንፃ መሣሪያው ሰውዬ ግን ለዓመት በዓል አገሩ ገብቷል። ስልኩ አይሠራም። መስከረም ሲገባ መጣ፤ ለዘገየ ግብር ቅጣቱ ደግሞ ያኔ ከ5 በመቶ ነበር የሚጀምረው። ቢሮው ከፈለለት። ሥራ አስኪያጁ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲሰጥ ወደ ሁላችንም እያየ «ለመሆኑ ደብተሩ ይቅር ያለው ማነው?» አለ። ማንም አልመለሰም። እኔ በተለይ የመመለስ መብት አልነበረኝም። ግን ከላይ ጽፌዋለሁ።

እትዬ ምንም አላሉም። «ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» ብዬ ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«ያውቃል አልከኝ እኮ» አሉ። «እኔ ግን ሲያውቅ አይቼው አላውቅም፤ ያን ዕለትም ሩፋኤል ባይሆን እጠይቅህ ነበር።»

መስከረም ላይ ሠንጠረዡን አደስኩት። ለጳጉሜ ለብቻዋ ቦታ ሠራሁላት፣ ቀኖቿን በእጄ ሞላሁ፣ ሁለት ጊዜ አጣራሁ። ከዚያ እሳቸው ጠረጴዛ ድረስ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ዘንድሮ ሳልስቅ ነው የሄድኩት።

«ይኸው እትዬ። ጳጉሜ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብተሩ ከመሳቢያ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ አላስተዋልኩም ብል ውሸት ነው።

«ጥቅምት ስንተኛ ወር ናት?» አሉኝ።

«ሁለተኛ።»

«ደረጃ ሀ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ጥቅምት 30።»

«የፈረንጅ ሁለተኛው ወርስ ስንት ቀን አለው?»

መልስ አልሰጠሁም። ወደ ታች ወረድኩ። ደረጃ ሀ ደንበኞቻችን አሥራ አንድ ነበሩ፤ ትልልቆቹ፣ ቢሮውን የሚያኖሩት። አሥራ አንዱም «2015-02-30» ተብሎ ተጽፎላቸዋል። አሥራ አንዱም ነጭ። (2,806ቷም ለጥቅምት በሦስት ቀን እንደምትሳሳት የደረስኩበት ከዚያ በኋላ ነው። እሱን ለእትዬ አልነገርኳቸውም።)

እዚያው ቆሜ ኢፍኤረርን ሰረዝኩት። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በስህተት ተሞላ።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁና ደብተራቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«አሁን ገና መናገር ጀመረ» አሉ። «በል ቁጭ በልና ጻፍ።»