ለገና፦ ጌም ለምትሠሩና ለጌም ለምትስሉ ወዳጆች

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባልበት በዓል ነውና፣ የዘንድሮው መልእክታችን ስለ ጨዋታ ይሁን።

ኮዱ አልቆ በሥዕል እጦት የሚቀር ጌም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ኦፕን ጌም አርት የተሰኘ ድረ ገጽ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ እዚያ ያለውን ሥዕል፣ ሙዚቃና ድምፅ ማንም የፈቃዱን ግዴታ እስካከበረ ድረስ ወስዶ፣ ለውጦ፣ ጌሙን ሸጦም ይጠቀምበታል። ስጦታ ስለተከመረ ብቻ ግን ማኅበረሰብ አይፈጠርም። አንዱ ዛፉን በ16 ፒክስል፣ ሌላው ቤቱን በ48 ከሳለ፣ ጥላውም በየፊናው ከወደቀ፣ ሁለቱ ለየብቻ ቢያምሩም አንድ ጌም ውስጥ አይገጥሙም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ነፃ የሥራ ፈቃዶችን ከሚያዘጋጀው ክሪኤቲቭ ኮመንስና ለነፃ ሶፍትዌር ከሚሟገተው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ጋር የተዘጋጀው ሊበሬትድ ፒክስል ካፕ የተሰኘው ውድድር ያቃናው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የአሳሳል መመሪያና መነሻ ሥዕሎች ወጡ፤ የወለሉ ካሬ 32 በ32 ፒክስል ሆነ። ጁን ለሥዕል፣ ጁላይ በዚያው ሥዕል ጌም ለመሥራት ተመደበ። ውድድሩ ካለፈ በኋላም ሰዎች በዚያው ልክ ልብስ፣ ፀጉርና መሣሪያ መጨመራቸውን ቀጠሉ።

ለምሳሌ ገጸ ባሕርይን የአገራችንን ነጠላ ማልበስ የሚፈልግ ሰው ሥራው ይህን ይመስላል። በስፋት ሲሠራበት የቆየው የገጸ ባሕርይ ሉህ (እንቅስቃሴዎቹ ሁሉ ተደርድረው የሚሳሉበት አንድ ሥዕል) 832 በ1344 ፒክስል ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም የእንቅስቃሴው አንድ ቅጽበት፣ 64 በ64። ሁሉንም ልሣል ያለ ይሰለቻል፤ ከእርምጃው ይጀመር፦ አራት አቅጣጫ፣ በየአቅጣጫው 9 ፍሬም፣ በድምሩ 36። ነጠላው ሁለት ሌየር (ተደራራቢ የሥዕል ንጣፍ) ይፈልጋል፣ አንዱ ከሰውነቱ ኋላ፣ ሌላው ከፊት። ሰውነቱ ሲራመድ በትንሹ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የነጠላው ጫፍ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ጨርቁ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ጥለቱን በዝርዝር ለመሳል አትድከሙ፤ በዚህ መጠን ሁለት ፒክስል ስፋትና ሁለት ቀለም ይበቃዋል፣ ከዚያ ካለፈ ሲራመድ ያብለጨልጫል። በፒኤንጂ አስቀምጡ። ጄፔግ ግልጽ ዳራውን ያጠፋል፣ ጠርዙንም ያደበዝዛል።

ሰው የሚቀያየመው ግን በሥዕሉ ሳይሆን በፈቃዱ ነው። ከክሪኤቲቭ ኮመንስ (ሲሲ) ፈቃዶች ሲሲ ዜሮ ግዴታ የለበትም፤ ሲሲ ባይ የሠሪው ስም እንዲጠቀስ፣ ሲሲ ባይ ኤስኤ ደግሞ ለውጠው ያሰራጩትም በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ ያስገድዳል። «ለንግድ አይውልም» የሚል ፈቃድ ኦፕን ጌም አርት ላይ ተቀባይነት የለውም። ፈቃዱ ያልተጻፈ ሥዕል ኢንተርኔት ላይ ስለተገኘ ነፃ አይሆንም። ከ20 ሌየር አንድ ጫማ እንኳ ምንጩ ካልታወቀ ሙሉው ገጸ ባሕርይ ለሌላው አይተላለፍም። ስለዚህ ፋይሉን ባወረዳችሁበት ቅጽበት የሠሪውን ስም፣ የሥራውን ርዕስ፣ ሊንኩን፣ ፈቃዱን ከነእትም ቁጥሩ (3.0 ይሁን 4.0) እና የለወጣችሁትን በአንድ የጽሑፍ ፋይል መዝግቡ። ሌየሮቹ ከተዋሃዱ በኋላ ማን ምን እንደሣለ መለየት ጭንቅ ነው።

አዲስ ሰው የመጀመሪያ ሥራውን ሲያመጣ ደግሞ «ጎበዝ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። «አራተኛው ፍሬም ላይ ግራ እግሩ አንድ ፒክስል ይቀረዋል» የተባለ ሰው አስተካክሎ ይመለሳል።

በበዓሉ ማግስት ትርፍ ሰዓት ያላችሁ፣ ከነጠላው የጀርባውን ረድፍ ብቻ፣ ዘጠኙን ፍሬም ሣሉና ሌየሩን ሳታዋህዱ፣ ከነክሬዲቱ (ከዚያ የሠሪዎች መዝገብ ጋር) አጋሩ። የጎኑን ሌላ ሰው ይቀጥለዋል።

መልካም ገና!