«አንቲል»ን ለኡርዱ ተናጋሪ ማስረዳት

«አንቲል» (እስከ) የምትባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያህል ኡርዱ ተናጋሪዎችን የምታስቸግር ትንሽ ቃል አላየሁም። እዚህ ሻርጃ አብረውኝ የሚሠሩ ፓኪስታናውያን «እስኪመጣ ጠብቅ» ለማለት «ዌይት አንቲል ሂ ደዝ ኖት ካም» ይላሉ። እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ «እስከማይመጣ ጠብቅ» የተባለ ያህል ግራ ይጋባል። ሰሞኑን አንድ አለቃ ይህን ሰምቶ በሰው ፊት ሲሳለቅ በጣም ከፋኝ። ተናጋሪው ቃላቱን በዘፈቀደ አልደረደረም፤ የኡርዱን ሕግ ጠብቆ ነው የተናገረው።

ኡርዱ «ጀብ ተክ ዎ ነሂን ኣታ» ይላል። «ነሂን» አሉታ ነው። ሐሳቡ «እሱ ባልመጣበት ጊዜ ሁሉ» ማለት ነው። ኡርዱ የሚያየው የሚጠበቅበትን ጊዜ በሙሉ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ሰውየው ገና አልመጣም። እንግሊዝኛ ግን ዓይኑን የሚጥለው መጠበቁ በሚያበቃበት ቅጽበት ላይ ስለሆነ አሉታ አይፈልግም። ከኡርዱው አሉታውን ብናወጣው ትርጉሙ ይለወጣል፤ «ጀብ ተክ ሜን ዚንዳ ሁን» ሲባል «በሕይወት እስካለሁ ድረስ» ማለት ነውና። አማርኛ «እስካለሁ» እና «እስክመጣ» ብሎ በግሱ ቅርጽ የሚለየውን ኡርዱ የሚለየው በአሉታ ነው። ተማሪው «ኖት» የምትለዋን ቃል አልለቅም ቢል ምን ይገርማል?

ከፓኪስታኗ ሙልታን ከተማ ለመጣው ባልደረባዬ ይህን ሳስረዳው የራሳችንን «ሳይመሽ ግባ» ጠቀስኩለት። መምሸቱ እንደማይቀር እያወቅን አሉታ እንጨምራለን፤ ማንም አይስቅብንም። «ብሃይ (ወንድሜ)፣ እናንተም እንደ እኛ ናችኋ!» አለኝ፤ ፊቱ ሲፈካ አየሁ። ለእሱ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። አፉን የፈታው በሰራይኪ ነው፤ ኡርዱን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። በፓኪስታን ኡርዱ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ከ10 አንድ እንኳ አይሞላም።

ይበልጥ ያደከመን «ተክ» ብቻዋን ስትመጣ ነው። «ፒር ተክ» ማለት «እስከ ሰኞ» ነው፤ «ላሆር ተክ» ደግሞ «እስከ ላሆር»። የእኛ «እስከ»ም ይህንኑ ሁሉ ይሸከማል። እንግሊዝኛ ግን ጊዜውን እንኳ ለሁለት ይከፍለዋል፦ ሥራው ሳይቋረጥ እስከ ሰኞ የሚዘልቅ ከሆነ «አንቲል»፣ ሰኞ ከማለፉ በፊት አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ከሆነ «ባይ»። መጠበቅ፣ መተኛትና መቆየት ከመጀመሪያው ጋር ይሄዳሉ፤ መክፈል፣ ማስረከብና መድረስ ከሁለተኛው ጋር። በሥራ ቦታ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ዕቃውን እስከ ሰኞ አቆየው በመባልና እስከ ሰኞ አድርሰው በመባል መካከል የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል።

የባልደረባዬ ስልክ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ለ«አንቲል» የሰጠው ፍቺ «ጀብ ተክ» ብቻ ነው፤ አንድም ምሳሌ አልጨመረም። እኔ ግን ነጠላ ፍቺ ለዚህ ዓይነት ቃል ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል ባይ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ በደብተሩ የጻፍነው ዓረፍተ ነገሮችን ብቻ ነው፦ ከግራ እንግሊዝኛው፣ ከቀኝ ኡርዱው፣ ሁሉም እሱ በየቀኑ ከሚናገረው የተወሰዱ። ነገ «ሲንስ» (ከዚህ ጊዜ ጀምሮ) እና «ፎር» (ለዚህን ያህል ጊዜ) ላይ እንገባለን። ለሁለቱም ኡርዱ ያለው «ሴ» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ ምሳሌዎቹን ከመተኛቴ በፊት አዘጋጃለሁ።