የአይጧ ዓይን ያየውን በአንጎሏ ውስጥ ስከተል

የራሴ ላቦራቶሪ የለኝም። ያም ሆኖ የእይታ ኮርቴክስ (ዓይን ያየውን የሚያስተናግደው የአንጎል ውጫዊ ሽፋን) ክፍሎች መረጃን እንዴት እንደሚያቀናጁ ለማጥናት የቻልኩት፣ አሜሪካ፣ ሲያትል የሚገኘው የአለን የአንጎል ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2019 ለማንም ክፍት ያደረገውን መረጃ ላፕቶፔ ላይ አውርጄ ነው። መረጃው የተሰበሰበው በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ እንዳሻቸው እየሮጡ ወይም እየቆሙ ስክሪን ከሚመለከቱ አይጦች ሲሆን፣ ኒውሮፒክስልስ የሚባሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መመዝገቢያዎች እስከ ስድስት ድረስ በአንድ ጊዜ ገብተው የብዙ መቶ ነርቭ ሴሎችን አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች፣ ማለትም ስፓይኮችን፣ መዝግበዋል።

ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ድመት አንጎል ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያው የእይታ ኮርቴክስ ያለ አንድ ሴል የሚመለከተው ከፊቱ ካለው ሁሉ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ይበልጥ የሚነቃውም በዚያች ቁራጭ ውስጥ በተወሰነ አቅጣጫ ያዘነበለ መስመር ሲመጣ ነው። ቁርጥራጩ ሙሉ ምስል የሚሆነው በብዙ ክፍሎች ቅብብል ነው። እኔ ከዚህ ቅብብል የመረጥኩት አንዱን መስመር፣ ከመጀመሪያው ክፍል ከቪዋን አጠገቡ ወዳለው ኤልኤም የሚያመራውን ነው።

ተንቀሳቃሽ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ለ2 ሰከንድ እየታዩ በየመካከላቸው ለ1 ሰከንድ ግራጫ ስክሪን የሚቀርብበትን የመረጃውን ክፍል ወሰድኩ። አንድ የቪዋን ሴል ስፓይክ በላከ ቁጥር፣ የኤልኤሙ ሴል ከስንት ሚሊሰከንድ በፊት ወይም በኋላ እንደላከ ቆጠርኩ። ግራፉ መካከሉ ላይ ትልቅ ጉብታ ሲያወጣ የሁለቱን ክፍሎች ትስስር አገኘሁት ብዬ እጅግ ተደሰትኩ።

ስህተቴን ያጋለጠው የጉብታው ስፋት ነው። ከሴል ወደ ሴል የሚተላለፍ ምልክት የሚፈጀው ጥቂት ሚሊሰከንድ ሲሆን፣ የእኔ ጉብታ ግን በመቶዎች ሚሊሰከንድ የተዘረጋ ነበር። ሁለቱ ሴሎች አንድ ዓይነት መስመር በማየታቸው ብቻ አብረው ነቅተው እንዳይሆን፣ የአንዱን ሴል ሙከራዎች (መስመሮቹ የታዩባቸውን ዙሮች) ቅደም ተከተል አደባልቄ ያገኘሁትን ውጤት ከመጀመሪያው ቀነስኩ። ጉብታው አነሰ እንጂ አልጠፋም። ነገሩ የተገለጠልኝ የአይጧን የሩጫ ፍጥነት ከስፓይኮቹ ጎን አስቀምጬ ስመለከት ነው፤ መሮጥ ስትጀምር የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ በሁለቱም ክፍሎች ያሉ ብዙ ሴሎች በአንድነት ይበረታሉ፣ ስትቆም ደግሞ በአንድነት ይቀዘቅዛሉ። ትስስር ያልኩት የሩጫዋን ውጤት ነበር።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ስፓይክ በ25 ሚሊሰከንድ መስኮት ውስጥ በዘፈቀደ እያዛወርኩ የሠራሁትን ግራፍ ቀነስኩ፤ ይህ ዘዴ ዝግ ያለውን ለውጥ አስወግዶ ፈጣኑን ብቻ ያስቀራል። አብዛኞቹ የቪዋንና የኤልኤም ሴል ጥንዶች ባዶ ሆነው ቀሩ። ጠባብና ሹል ጫፍ ያሳዩት ጥቂቶቹ በብዛት የስክሪኑን አንድ ቦታ የሚመለከቱ ሴሎች ነበሩ። ይህን ገና ከመነሻው ማጣራት ነበረብኝ፤ የተለያየ ጥግ የሚያዩ ሴሎችን እያጣመርኩ ብዙ ሳምንት አባክኛለሁ።

በቀሩት ጥንዶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ቪዋን ሲሆን ልዩነቱም ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። በአንዳንዶቹ ግን ኤልኤም ይቀድማል፤ ከላይኛው ክፍል (እዚህ ኤልኤም) ወደ ታችኛው (ቪዋን) የሚመለሱ ነርቮች መኖራቸው የታወቀ ስለሆነ፣ አሁን እነዚህን ጥንዶች ለብቻቸው አውጥቼ፣ አይጧ የቆመችበትንና የሮጠችበትን ጊዜ ለያይቼ እንደገና እየቆጠርኩ ነው።